«መድኃኒት» የምንለው ነገር፦ የጎመን ክሽክሽና ስም የሌለው ጠርሙስ

ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት።

ከጥር ወዲህ በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኗል። ስለ ማትሪክ አይደለም፣ ስለ ምደባም አይደለም፤ የጎመን ቅጠል ፎቶ ነው። ቅጠሉ ተጨማዷል፤ ጀርባው ላይ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል ግራጫ ነገር ተለጥፏል። ከፎቶው ሥር «ቲቸር፣ ምን መድኃኒት ልርጭበት?» የሚል አለ። አንዳንዱ ደግሞ ረጭቶ ጨርሶ «ስንት ቀን ቆይቼ ልብላው?» ብሎ ይጠይቀኛል። ይህን ያስጻፈኝ ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

አጭሩን መልስ መጀመሪያ ልስጥ። ለጓሮ ጎመን ክሽክሽ መርዝ መርጨት አያስፈልግም። ስም በሌለው ጠርሙስ የተቀዳ ነገር ገዝቶ ልጆች የሚበሉት ጎመን ላይ መርጨት ደግሞ ጭራሽ መቆም አለበት ባይ ነኝ። ረጅሙ መልስ ከዚህ በታች ያለው ነው።

እስቲ ከስሙ እንጀምር። «መድኃኒት» እንለዋለን። ራሳችንን ሲያመን የምንውጠውም መድኃኒት፣ ክሽክሹ ላይ የምንረጨውም መድኃኒት። ገበሬው እንደዛ ይለዋል፣ ባለሱቁ እንደዛ ይለዋል፣ የቀበሌው የግብርና ባለሙያም እንደዛ ይለዋል። ቃሉ ዝም ብሎ ቃል አይምሰላችሁ፤ ሥራ ይሠራል። መድኃኒት ከሆነ ተክሉ ታሟል ማለት ነው፤ የታመመ ደግሞ ይታከማል፤ ጠንከር ያለ ሕመም ጠንከር ያለ መድኃኒት ይፈልጋል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ቆርኪ የነበረው ሦስት ቆርኪ ይሆናል። እኛ ሰፈር ያሉ አንዳንድ አሮጊቶች ማንኛውንም ነፍሳት የሚገድል ነገር «ዲዲቲ» ነው የሚሉት። ስሙ ልክ ባይሆንም እሱ ይሻላል፤ ቢያንስ እጃቸውን ታጥበው ነው እንጀራ የሚያነሱት።

ፀረ ተባይ ተክል አያክምም። ይገድላል። በየሱቁ በብዛት የሚገኙት ማላታዮን፣ ዳይሜቶኤት፣ ፕሮፌኖፎስ የመሳሰሉት ከአንድ ቤተሰብ ናቸው፤ የሚሠሩትም ነርቭ ላይ ነው። ባዮሎጂ የተማራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ከነርቭ ወደ ጡንቻ መልእክት የሚያደርስ አሴቲልኮሊን የሚባል ነገር አለ፤ መልእክቱን ካደረሰ በኋላ የሚያፈርሰው ኢንዛይም አለ። መርዙ ያንን ኢንዛይም ይይዘዋል። መልእክቱ አያቆምም፤ ጡንቻው ይንቀጠቀጣል፣ በመጨረሻም መተንፈስ ያቅታል። ይሄ በክሽክሹ ላይ የሚሆነው ነው። በሰው ላይም የሚሆነው ይሄው ነው። ክሽክሹና እኛ በዚህ በኩል አንለያይም፤ የሚለየን መጠኑ ብቻ ነው። ትንሽ ልጅ ደግሞ ከትልቅ ሰው ይልቅ ለክሽክሹ ቀረብ ይላል።

አሁን ስለ ክሽክሹ እናውራ፤ እውነቱን ለመናገር እኔ በጣም የምወደው ክፍል ይሄ ነው።

አንዳንዱ ሰው ክሽክሽ ቅጠል የሚበላ ይመስለዋል። አይበላም። ቅጠል የሚበላው ትል ነው፤ ትል ካለ ቅጠሉ ላይ ቀዳዳ ታያላችሁ። ክሽክሽ መርፌ የመሰለ አፉን በቅጠሉ ሥር ውስጥ ሰክቶ የተክሉን ፈሳሽ ይመጣል። ያ ፈሳሽ ስኳር ሞልቶታል፣ ለሰውነት መገንቢያ የሚሆነው ነገር ግን ትንሽ ነው። ስለዚህ ክሽክሹ የሚፈልገውን ያህል ለማግኘት ብዙ መምጠጥ አለበት፤ የተረፈውን ስኳር ደግሞ በኋላው ያስወጣዋል። ጎመናችሁን ስትነኩት እጃችሁ ላይ የሚጣበቀው እሱ ነው። ሎሚ ዛፍ ላይ ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ነገር ያያችሁም ከሆነ፣ በዚሁ ስኳር ላይ የበቀለ ሻጋታ ነው። ጉንዳኑም በግንዱ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚለው ለዚሁ ስኳር ነው። እረኛ ከብቱን እንደሚጠብቅ ጉንዳንም ክሽክሽን ይጠብቃል፤ ሊበላው የሚመጣውን ያባርርለታል። ጉንዳኑን ሳይለዩ ክሽክሹን ማጥፋት ከባድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ስለ አረባቡ ደግሞ እንካችሁ። በሞቃት አገር ክሽክሽ ወንድ አይፈልግም። ሴቷ ብቻዋን፣ እንቁላል ሳትጥል፣ ልጅ ትወልዳለች። የሚወለዱትም ሴቶች ናቸው፤ የእናታቸው ግልባጭ። ገርሞ የሚገርመው፣ ሲወለዱ በሆዳቸው ውስጥ የነገዋ የልጅ ልጅ መፈጠር ጀምራለች። ሙቀቱ ከተመቻቸው በሳምንት በአሥር ቀን ውስጥ ራሳቸው እናት ይሆናሉ።

ክፍል ውስጥ ሁሌ የማሠራው ሒሳብ አለ። አንዷ ክሽክሽ 40 ልጅ ብትወልድ፣ አርባዎቹም እያንዳንዳቸው 40 ቢወልዱ 1600። እነሱም እንደዚያው ቢወልዱ 64000። አንዱ ትውልድ አሥር ቀን ቢፈጅ ይሄ ሁሉ የአንድ ወር ጉዳይ ነው። ከዚያ ተማሪዎቹን እጠይቃለሁ፦ «ታዲያ እስካሁን አገሩን ያልሞሉት ለምንድን ነው?» አብዛኛው «መድኃኒት ስለሚረጭ» ይላል። መድኃኒቱ ከመምጣቱ በፊት ስንት ሺህ ዓመት ነበር? ያኔስ ማን ያዛቸው?

የሚበሏቸው ስላሉ ነው። እስቲ ነገ ጠዋት ጓሯችሁ ገብታችሁ አንድ ክሽክሽ ያለበት ቅጠል ገልብጣችሁ አምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ጀርባዋ ቀይ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት ድንቡሽ ያለች ጢንዚዛ ታገኛላችሁ፤ እሷን ሁሉም ያውቃታል፣ በልጅነታችን እጃችን ላይ እያስኬድን የተጫወትንባት ናት። ልጇን ግን የሚያውቅ የለም። ልጇ ትንሽ አዞ ትመስላለች፤ ጥቁር፣ ረዘም ያለች፣ ጎኗ ላይ ብርቱካንማ ነጥብ ያላት። መልኳ ስለማያምር ሰው ተባይ መስላው ይጨፈልቃታል። እሷ እኮ ናት ዋናዋ ሠራተኛ፤ አድጋ ጢንዚዛ እስክትሆን ድረስ በመቶዎች የሚቆጠር ክሽክሽ ትበላለች።

ንብ የሚመስል፣ አየር ላይ አንድ ቦታ ቆሞ የሚንቀጠቀጥ ዝንብ አለ። እሱ ራሱ አበባ ነው የሚቀስመው፤ ልጁ ግን እግር የሌላት ትንሽ ትል ሆና በክሽክሽ መሀል እየተሳበች ትለቅማቸዋለች። ከሁሉ የሚደንቁት ደግሞ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይበልጡ ትናንሽ ተርቦች ናቸው። እንቁላላቸውን ክሽክሹ ሆድ ውስጥ ይጥላሉ፤ ልጃቸው ከውስጥ ሆና ትበላውና በመጨረሻ ቆዳውን ቀዳ ትወጣለች። ክሽክሽ መሀል አብጦ የደረቀ፣ ወረቀት መሳይ ቀለም የያዘ፣ የማይንቀሳቀስ ካያችሁ የተርብ ቤት ነው። አትንኩት።

እንግዲህ መርዙን ስትረጩ ማን ነው የሚሞተው? ሁሉም ነው። ክሽክሹም ይሞታል፣ ጢንዚዛዋም፣ ዝንቡም፣ ተርቡም ይሞታሉ። በማግሥቱ ጎመኑ ፀድቷል፤ «መድኃኒቱ አሪፍ ነው» ይባላል። ቅጠሉ ተጠቅልሎ ከለላ የሆነላቸው አምስት ስድስት ክሽክሾች ግን ይተርፋሉ። እነሱ ወንድ አይፈልጉም፣ ቀጠሮም የላቸውም፤ በዚያው ቀን መውለድ ይጀምራሉ። ጢንዚዛዋ ተመልሳ የምትመጣው የሚበላ ሲኖር ነው፤ የሚበላው እስኪበዛ ትጠብቃለች፣ እንቁላል ትጥላለች፣ እንቁላሉ ይፈለፈላል። እስከዚያ ክሽክሹ ቀድሟት ሄዷል። በሁለት ሳምንቱ ጎመኑ ከፊቱ የባሰ ይሆናል፤ እንደገና ይረጫል። አሁን ደግሞ ከመጀመሪያው መርዝ የተረፉት ልጆቻቸውም የእነሱው ግልባጭ ናቸው፤ መርዙን ቻለው ያለፉት ችሎታቸውን እንዳለ ያወርሳሉ። ሦስት ቆርኪ ማን አመጣው ትላላችሁ?

ይሄ የእኔ ግምት አይደለም፤ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ የቆየ ታሪክ አለው። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የብርቱካንና የሎሚ እርሻ በ1880ዎቹ (በፈረንጆቹ ነው የምላችሁ) አንድ ነጭ ጥጥ የመሰለ፣ እንደ ክሽክሽ ፈሳሽ የሚመጥ ተባይ ዛፉን ያደርቅ ነበር። ተባዩ የመጣው ከአውስትራሊያ ነበር። በ1888 አልበርት ኮቤሌ የሚባል ሰው ወደ አውስትራሊያ ተልኮ፣ እዚያ ተባዩን የሚበላውን ጢንዚዛ ፈልጎ ላከ። ጥቂት መቶ ብቻ ነበሩ። በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ተባዩ አደብ ገዛ፤ የብርቱካን ልማቱም ተረፈ። ለሃምሳ ዓመት ያህል ሰላም ሆነ። ከዚያ በ1940ዎቹ ዲዲቲ መጣ፤ ለሌላ ተባይ ተብሎ እርሻው ላይ ተረጨ። ጢንዚዛዎቹ አለቁ፤ ያ የተረሳ ነጭ ተባይ ተመልሶ ዛፎቹን ወረረ። መርጨቱን አስተካክለው ጢንዚዛውን መመለስ ነበረባቸው። ሃምሳ ዓመት በነፃ ሲሠራ የነበረን ሠራተኛ ገድለህ ተመልሰህ ቅጠረው እንደማለት ነው።

«እነሱ ሀብታም ናቸው» እንዳትሉኝ፤ የእኛ ጓሮ ጢንዚዛ ከየትም መላክ አያስፈልጋትም፤ እዚሁ አለች። አለመግደል ብቻ ነው የሚጠበቅብን።

ወደ ጠርሙሱ ልምጣ። ፎገራን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ በበጋ ከጉማራና ከርብ እየተሳበ ሽንኩርቱም ቲማቲሙም ይለማል። ሽንኩርት ላይ ትሪፕስ የሚባል ዓይን የማይለየው ቀጭን ነፍሳት አለ፤ ቲማቲም ላይ ደግሞ ቱታ አብሶሉታ አለ፤ ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ አውሮፓን አቋርጦ በፈረንጆቹ 2012 አገራችን የገባው ቅጠል ውስጥ ዋሻ የሚሠራ ትል ነው። ገበሬው ዓመት ሙሉ የለፋበት፣ ብድር የገባበት ማሳ ነው፤ ይረጫል። በእሱ ላይ ከወንበሬ ሆኜ አልፈርድም፤ የእሱ ጉዳይ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። የእኔ ጥያቄ ለሄክታር ማሳ የመጣው ኬሚካል ለምን አራት ነቅል ጎመን ላይ ደረሰ የሚለው ነው።

የደረሰው እንዲህ ነው። የከተማ ሰው አንድ ሊትር አይፈልግም፤ የአሥር ብር፣ የሃያ ብር ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ይቀዳለታል። በምን? በሃይላንድ። ውሃ በጠጣንበት ፕላስቲክ። የሰው ስም ሳላነሳ የሰማሁትን ምልልስ ልንገራችሁ፤ አንዲት እናት ሱቅ ቆመው ሲገዙ ከኋላቸው ቆሜ ነበር።

«ለጎመን ቅማል የሚሆን አለህ ልጄ?»

«አለ እማማ፣ ባለ ነጩ አለ።»

«ይገላል?»

«ሁሉንም ነው የሚገለው!»

«እንዴት ነው የማደርገው?»

«በጆግ ውሃ አንድ ቆርኪ፣ ባይሞት ይጨምሩበት።»

በቃ። ይሄ ነው ማዘዣው። ስሙ አልተጠየቀም፣ አልተነገረም። ከተረጨ ስንት ቀን በኋላ እንደሚበላ አልተነገረም። እኔም ጣልቃ ገብቼ «እማማ፣ ይቅርብዎ» አልኳቸው፤ ልጁ በዓይኑ ገረመመኝ፤ እሳቸው ግን ሰሙኝ። ለልጁም አልፈርድበትም ማለት አልችልም። እሱ የሚሸጠው ሳሙና አይደለም።

ዋናው ጠርሙስ ላይ እኮ ብዙ ነገር ተጽፏል። ከታች በኩል ባለ ቀለም መስመር አለ፤ ቀይ ከሆነ እጅግ አደገኛ፣ ቢጫ ቀጥሎ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ከዚያ አረንጓዴ። ለየትኛው ሰብል፣ ለየትኛው ተባይ እንደሆነ ተጽፏል። ከተረጨ በኋላ እስኪለቀም ስንት ቀን መጠበቅ እንዳለበት ተጽፏል። ሃይላንዱ ላይ የተጻፈው የምንጭ ውሃ መሆኑ ነው።

ውስጡ ያለው ነገር ደግሞ አንዳንዴ ነፍሳት ገዳይ እንኳ አይሆንም። ማንኮዜብ ለክሽክሽ ተብሎ ተሽጦላቸው የረጩ አሉ። ማንኮዜብ የሻጋታ በሽታ መከላከያ ነው፤ ለቲማቲም ዋግ እንጂ ለክሽክሽ ምኑም አይደለም። ሰውየው ግን መርዙን ከጎመኑ ጋር በልቶታል፤ ክሽክሹም አልሞተ። የበረሮ ፍሊት ጎመን ላይ የነፋ ሰውም አውቃለሁ፤ እሱን እንኳ ተዉት።

«ታጥቦ፣ ተቀቅሎ ይበላ የለ እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ከላይ ብቻ የሚያርፈው በመታጠብ በከፊል ይሄዳል። ዳይሜቶኤት የመሰለው ግን ወደ ተክሉ ውስጥ ገብቶ ከፈሳሹ ጋር የሚዘዋወር ነው፤ ክሽክሹን የሚገድለውም በዚሁ መንገድ ነው። ቅጠሉ ውስጥ ያለን ነገር በየትኛው ውሃ ታጥቡታላችሁ?

ጊዜውንም አስተውሉ። ክሽክሽ የሚበዛው በበጋ ነው፤ በክረምት ዝናቡ ራሱ አጥቦ ይጥለዋል። በጋው ሲበረታ ደግሞ ዐቢይ ጾም ይገባል። ዓመቱን ሙሉ ጎመን በብዛት የሚበላበት ወቅትና ጎመን ላይ በብዛት የሚረጭበት ወቅት አንድ ላይ ነው የሚመጡት። «ስንት ቀን ቆይቼ ልብላው?» ብላችሁ የምትጠይቁኝ እናንተ ቢያንስ ጠይቃችኋል። ዛሬ ረጭቶ ነገ ገበያ የሚያወጣውን ማን ይጠይቀዋል?

ሕግ የለም እንዳትሉኝ፣ አለ። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ በአገር ውስጥ ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ እንዳይሸጥ ይከለክላል። በዓለም አቀፉ የምግብና እርሻ ድርጅት፣ በፋኦ፣ በ1985 የጸደቀው የፀረ ተባይ አያያዝ ደንብም ፀረ ተባይን በምግብና በመጠጥ ዕቃ ገልብጦ መሸጥ ክልክል እንዲሆን ይላል። ወረቀቱ ላይ ሁሉ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሌማት ትሩፋት «ጓሯችሁን አልሙ» ተብለን ዘርም ችግኝም ታድሎናል፤ ደግ ነገር ነው፣ እኔም ተጠቅሜበታለሁ። ነገር ግን ችግኙን ያደለው ባለሙያ ክሽክሹ ሲመጣ ምን እንደምናደርግ ካልነገረን፣ የሚነግረን ባለሱቁ ነው። ክፍተቱን የሚሞላ አይጠፋም።

አሁን ደግሞ ከዚህ ሁሉ የሚያሳስበኝን ልበል። የሃይላንድ ጠርሙስ ቤት ውስጥ የት ነው የሚቀመጠው? ማድ ቤት፣ ከአልጋ ሥር፣ በር ኋላ። ነጩ ወተት ይመስላል። ከኳስ ሜዳ ጠምቶት የገባ የሰባት ዓመት ልጅ ሃይላንድ ሲያይ ምን ያስባል? ምራቁ ከበዛ፣ ካላበው፣ የዓይኑ ብሌን ከጠበበ፣ ካስመለሰው፣ ትንፋሽ ካጠረው ቶሎ ሐኪም ቤት ነው፤ ወተት አጠጡት፣ አስመልሱት እያሉ ጊዜ ማጥፋት የለም። እዚያ ስትደርሱ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የጠጣው ምን ነበር?» ብሎ ነው። ለአንዱ መርዝ የሚሰጠው ማርከሻ ለሌላው አይሠራምና። «ባለ ነጩ» ብለን ልንመልስ ነው?

መምህር ስለሆንኩ ሌላም አንድ ነገር አለ፤ በስሱ ልለፈው። ልጆቻችን የሚከፋቸው ቀን አለ። ውጤት ሲመጣ፣ ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ሲኖር። የአብዛኛው ልጅ ክፉ ሐሳብ የሰዓታት ነው፤ ሰው አጠገቡ ካለ፣ ካነጋገሩት፣ ያልፋል። በዚያ ሰዓት ግን ቤት ውስጥ ምን እንዳለ ለውጥ ያመጣል። ለአራት ነቅል ጎመን ብሎ መርዝ ቤቱ የሚያስቀምጥ ሰው ይህንንም ያስብበት።

በሉ ምን እናድርግ ወደሚለው። ቀላል ነው፤ ቀላል ስለሆነም ሰው አያምነውም።

ጎመናችሁን በሁለት በሦስት ቀን አንዴ ገልብጣችሁ እዩ። ክሽክሽ አንድ ቅጠል ላይ ሆኖ ካገኛችሁት ቅጠሉን ቆርጣችሁ ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ አለቀ። በዝቶ ከሆነ በጣት ማሸት ነው፤ የሚያስጠላው ጓንት ያድርግ። ቧንቧ ያለው በጎማ፣ የሌለው በጆግ፣ ከሥር ወደ ላይ ውሃ በኃይል ይልቀቅበት፤ አንዴ የወደቀ ክሽክሽ ብዙውን ጊዜ ተመልሶ አይወጣም፤ ዝናብ የሚሠራውን እናንተ ሠራችሁት ማለት ነው። ይሄ ካልበቃ ነጭ የልብስ ሳሙና ፈቅፍቃችሁ አንድ የሾርባ ማንኪያ በአንድ ሊትር ውሃ አሟሙና ፀሐይ ስትበርድ ክሽክሹ ላይ እንዲያርፍ አድርጋችሁ ርጩ። ሳሙናው የሚሠራው ሲነካው ብቻ ነው፤ የቅጠሉን ፊት ብቻ አርጥቦ መመለስ ዋጋ የለውም። ኦሞ አይሁን፣ ቅጠል ያቃጥላል። መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክሩና እደሩ። እናቶቻችን አመድ ይነሰንሱ ነበር፤ እሱም በልኩ ይረዳል፤ በየሳምንቱ እየከመሩ አፈሩን ማበላሸት ግን አይሆንም።

ዩሪያ ቀንሱ። ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። ዩሪያ የበዛበት ጎመን ይለመልማል፣ ቅጠሉ ይለሰልሳል፣ ፈሳሹም ለክሽክሽ የሚጥም ይሆናል። ድግስ ደግሶ እንግዳ መጣብኝ ማለት አይቻልም።

ከጎመኑ ዳር እንስላል ወይ ድንብላል ዝሩና የተወሰነውን ሳትቆርጡ እንዲያብብ ተዉት። ያ ጥቃቅን አበባ ለዝንቡና ለተርቧ ምግብ ነው፤ ለእሱ መጥተው እንቁላላቸውን ክሽክሹ መሀል ጥለው ይሄዳሉ። ሎሚ ያላችሁ ደግሞ ጉንዳኑን ከግንዱ ከልክሉ፤ ግንዱን በላስቲክ ጠቅልሎ ላስቲኩ ላይ ግራሶ መቀባት ይበቃል፤ ግራሶው ግንዱን ራሱን እንዳይነካ ብቻ ተጠንቀቁ።

ይሄ ሁሉ ተደርጎም ጥቂት ክሽክሽ ይቀራል። ይቅር። ጥቂት ካልቀረ ጢንዚዛዋ ምን በልታ ትቆያለች? ታጥቦ የቀረች አንዲት ክሽክሽ ወጥ ውስጥ ብትገባም የሞተ ሰው የለም። ጾም ያስገድፋል ወይ ብላችሁ ኮሜንት ላይ እንዳትጠይቁኝ፤ እሱን ለንስሐ አባታችሁ።

ቤታችሁ ያ ጠርሙስ ያለ ደግሞ ዛሬውኑ አውጡት። ቦይ ውስጥ እንዳትደፉት፤ የእኛ ቦይ መጨረሻው ጣና ነው። አጥብቃችሁ ክደኑት፣ ላዩ ላይ «መርዝ» ብላችሁ በትልቁ ጻፉበት፣ ልጅ በማይደርስበት ቆልፉበትና የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ምን እንደሚያደርጉት ጠይቁ። «እኛን አይመለከትም» ካሏችሁ ማን እንደሚመለከተው እንዲነግሯችሁ ጠይቁ፤ መልሱን ለእኔም ላኩልኝ፣ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።

የጎመን ፎቶ መላኩን አታቁሙ። ግን የቅጠሉን ጀርባ ነው የምታነሱት፣ ቀረብ አድርጋችሁ። ክሽክሹ መሀል ያቺ ትንሽ አዞ ወይም ያበጠው ወረቀት መሳዩ ካለ ክበብ አድርጉበት። መጀመሪያ ላገኘው ተማሪዬ ቡና በእኔ ነው።